ዕድሜያችንን ስንቈጥር

በአገራችን ሽማግሌ ሰው ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ቍጥሩን በደረቁ ተናግሮ አያልፍም ነበር። መጀመሪያ ጕሮሮውን ይጠርጋል፤ ቀጥሎ ጋቢውን ያስተካክላል፤ ከዚያም በኋላ «የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ እናቴ አዝላኝ ነበር» ብሎ ይመልሳል፤ የቀረውን ሒሳብ የጠየቀው ሰው ራሱ ይድረስበት። ያ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰ በሽታ አዲስ አበባን ያጠቃው በ1911 ዓመተ ምሕረት ነውና፥ ቍጥር የሚያውቅ ሰው ከጥቂት ድካም በኋላ መድረሱ አይቀርም። የሽማግሌው ልጅ ደግሞ «ጣሊያን ሲወጣ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር» ይላል። የልጅ ልጁም «በታኅሣሡ ግርግር ገና ክርስትና አልተነሣሁም ነበር» ይላል፤ እርሱም 1953 መሆኑ ነው። እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ዕድሜውን ሲቈጥር ሳያውቀው የአገሩን ታሪክ ሲያስተምር ይውላል ማለት ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

ዛሬ ለሚወለደው ሕፃን የምስክር ወረቀት ይጻፍለታል። የልደትና የሞት፥ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ በመላው አገር በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ለትምህርት ቤትም፥ ለውርስም፥ ለፓስፖርትም የሚጠቅም መልካም ነገር ነው፤ ልንነቅፈው አንችልም። ነገር ግን ወረቀቱ ቀኑንና ዓመቱን ይናገራል እንጂ በዚያ ቀን ዝናቡ እንዴት እንደ ነበረ፥ እህል በስንት ይሸጥ እንደ ነበረ፥ ማን ተሹሞ ማን እንደ ተሻረ አይናገርም።

«እኛ» እያልን በመጻፋችን አንባቢ አይፍረድብን፤ ይህ የጽሕፈት ወግ ብቻ አይደለም። ሰው 70 ዓመት ሲሞላው ወዴትም ብቻውን አይሄድም። መነጽሩ፥ ከዘራው፥ የደም ግፊቱ ኪኒንና የራሱ አስተያየት ያለው ጕልበቱ አብረውት ይጓዛሉ። የእኛ ጕልበት ለምሳሌ ያህል ዝናብ የሚመጣ መሆኑን ከራዲዮኑ አንድ ቀን አስቀድሞ ይነግረናል፤ እስከ ዛሬም ተሳስቶ አያውቅም። ስለዚህ «እኔ» ብንል እነዚህን ታማኝ ባልንጀሮች መካድ ይሆንብናል።

አገራችን ከሌላው ዓለም 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ የምትቈጥር በመሆንዋ፥ ወደ እኛ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ቦሌ ስወርድ ወጣት ሆንሁ» እያለ ይደሰታል። ደስታውን ልናበላሽበት አንወድም፤ ሆኖም የመጣበት ዓመት ሲቀነስለት የተወለደበትም ዓመት አብሮ ስለሚቀነስ ከዚህ ንግድ የሚያገኘው ትርፍ የለም። በሌላ በኩል ከእኛ ወገን ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት ሰዎች ብዙዎቹ የተወለዱበትን ቀን በትክክል ባለማወቃቸው ጃንዋሪ 1 ቀን እንደ ተወለዱ ተጽፎላቸዋል፤ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን መሆኑ ነው። ከዚህም የተነሣ ባልና ሚስት፥ ወንድምና እኅት፥ አንዳንድ ጊዜም አማትና ምራት በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ። አንድ ወዳጃችን ከነቤተ ሰቡ ሐኪም ቤት በሄደ ጊዜ መዝጋቢዋ ወረቀቱን አይታ «በእናንተ አገር በሌላ ቀን ሰው አይወለድምን?» ብላ እንደ ጠየቀችው አጫውቶናል። እርሱም «ይወለዳል፤ ነገር ግን እነርሱ ቪዛ አላገኙም» ብሎ መለሰላት።

እውነተኛው የዕድሜ መዝገብ ግን በመሥሪያ ቤት አይገኝም፤ የሚገኘው በታክሲ ረዳት አፍ ላይ ነው። ሰው በ20 ዓመቱ ታክሲ ሲሳፈር ረዳቱ «ወንድም፥ ጠጋ በል» ይለዋል። ወደ 40 ሲጠጋ ሳያስበው «ጋሼ» ይሆናል። ጥቂት ቈይቶ «አባት» ይባላል። ከዚያም በላይ «ፋዘር» የሚባል ማዕርግ አለ፤ ይህን ማዕርግ ማን እንደ ፈጠረው አይታወቅም። ሴቶችም እንዲሁ ከ«እኅቴ» ወደ «እናት»፥ ከ«እናት» ወደ «ማዘር» ይሻገራሉ። ሹመቱ ማመልከቻ አይጠይቅም፤ ይግባኝም የለበትም። ሰው ጠጕሩን ቢያጠቍር፥ ጢሙን በየቀኑ ቢላጭ፥ ረዳቱን ሊያታልል አይችልም፤ ረዳቱ የሚመለከተው ፊቱን አይደለምና። የሚመለከተው ደረጃውን ሲወጣ የሚይዘውን ነገርና ከኪሱ ገንዘብ እስኪያወጣ ድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ነው።

በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር ተሳፍረን ሳለን፥ አንዲት ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ መቀመጫዋን ለቅቃ ተነሣችልን። እኛም ለማን እንደ ተነሣች ለማወቅ ወደ ኋላችን ዞር ብለን አየን። ከኋላችን የባቡሩ ግድግዳ ብቻ ነበር። መቀመጡን ተቀመጥን፤ ጕልበታችንም አመሰገነ፤ የቀረው ሰውነታችን ግን እስከ ስታዲየም ድረስ አኵርፎ ነበር።

በአያቶቻችን ዘመን እርጅና ብርቅ ነበር የሚሉ አሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት የአገራችን ሰው አማካይ ዕድሜ 40 ዓመት ገደማ እንደ ነበረ ይገመታል፤ ዛሬ ከ65 በላይ ሆኗል። ይህን የሚሰማ ወጣት በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በ40 ዓመቱ ተሰናብቶ ይሄድ የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አማካዩን ዝቅ ያደረገው በሕፃንነታቸው የሚቀሠፉት ብዛት ነው፤ ኩፍኙንና ተቅማጡን አምልጦ ያደገ ሰው ግን በዚያም ዘመን ከዘራ ይዞ፥ ሽምግልና ተቀምጦ፥ የልጅ ልጁን ድሮ ይኖር ነበር። የተለወጠው የሽማግሌው ዕድሜ ሳይሆን የሕፃናቱ መትረፍ ነው፤ ስለዚህ ስለ ዕድሜ መርዘም የሚመሰገነው ከልብ ሐኪሙ ይልቅ ክትባት የምትወጋዪቱ ነርስ ናት።

በምርቃት በኩል ግን ሕዝባችን ለአማካይ ደንታ የለውም። «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥህ» ይላል። ማቱሳላ 969 ዓመት እንደ ኖረ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። እኛም አንድ ቀን የጡረታ ገንዘባችንን ለመቀበል ተሰልፈን ሳለን፥ ሥራ ስላልነበረን፥ ሒሳቡን አሰላነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ስለ ሆነ፥ ማቱሳላ ቢመዘገብ ኖሮ 909 ዓመት ጡረታ ሊከፈለው ነበር። ይህን ከፊታችን ለቆሙት አዛውንት ብንነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ዕድሜውስ ይሁን፤ ግን በየወሩ እንደዚህ ይሰለፋልን?» አሉን።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1983 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት የአረጋውያን ቀን የሚባል በዓል በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ቀን ይከበራል። ይህም በብዙው ዓመት በእኛ መስከረም 21 ቀን ላይ ይውላል፤ የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ማለት ነው። ስለ አረጋውያን ንግግር በሚደረግበት አዳራሽ ወጣቶች በብዛት ተቀምጠው ሲታዩ አንባቢ ሊደነቅ አይገባውም፤ አረጋውያኑ ከሌሊት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

ዕድሜዋን በመሠወር ረገድ ማርያ ቴሬዛን የሚያህል በታሪክ አልተገኘም። ኦስትሪያን ትገዛ የነበረችው ይህች ሴት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓ.ም. በ63 ዓመትዋ ዐረፈች። ነገር ግን መልክዋ የተቀረጸበት ጠገራ ብር ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ ሲመታ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ 1780 እየተባለ ኖረ፤ እስከ ዛሬም በቪየና ከተማ እንደዚያው ይመታል። አያቶቻችን በዚህ ብር በሬ ገዝተዋል፤ ጥሎሽ ጥለዋል፤ አቅልጠውም መስቀልና አምባር አሠርተውበታል። በዚህ ሁሉ ዘመን በፊትዋ ላይ አንዲት መስመር ተጨምራ ያየ ሰው የለም።

ከእርስዋ በኋላ የመጣው የወረቀት ብር ይህን ዕድል አላገኘም። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወጣው፥ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት ብር በ1969 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ ያም በየጊዜው መልኩን ሲለውጥ ኖሮ በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሱ ብር ወጣ፥ 200 ብር የሚባልም ኖት ተጨመረ። አሮጌውን ለማስለወጥ 3 ወር ጊዜ ተሰጠ። በእነዚያ 3 ወራት ስንት ገንዘብ ከፍራሽ ሥር፥ ከሣጥን፥ ከጤፍ ማስቀመጫ እንደ ወጣ የሚያውቁት የባንክ ገንዘብ ተቀባዮች ናቸው። አንዲት የሠፈራችን አሮጊት ለተዝካራቸው ብለው ያኖሩትን ይዘው ሲሄዱ ከመካከሉ ጥቂት የንጉሡ መልክ ያለባቸው ብሮች ተገኙ። ገንዘብ ተቀባዩ ልጅ በትሕትና «እማማ፥ ይህስ የንጉሡ ጊዜ ነው፤ አልፎበታል» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ እኔም የንጉሡ ጊዜ ነኝ፤ እኔንም መልሰህ ልትሰጠኝ ነው?» አሉት። ልጁ ለማን መልሶ እንደሚሰጣቸው ስላላወቀ ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው።

ገንዘብ ሲለወጥ የቦታም ስም ይለወጣል። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ይባል የነበረው ሜዳ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተባለ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እንደ ገና መስቀል አደባባይ ሆነ። አዲሱን ስም መልመድ ያቃታቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ «መስቀል አደባባይ» ባሉ ቍጥር የልጅ ልጆቻቸው ሲያርሟቸው ብዙ ዓመት ቈዩ። እርሳቸው ሳይለምዱ ዘመኑ ራሱ ዞሮ መጣላቸው። ያን ካየን ወዲህ እኛ አዲስ ስም ሲወጣ ለመልመድ አንቸኵልም። አድራሻችንም እንዲሁ ነበር። ቤታችን ከቆመበት ሳይነቃነቅ አንድ ጊዜ በወረዳ፥ አንድ ጊዜ በከፍተኛና በቀበሌ፥ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም በክፍለ ከተማ ተጠራ። ከገጠር በሰው እጅ ደብዳቤ የሚልኩልን ዘመዶቻችን ግን በፖስታው ላይ ሁልጊዜ «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ደብዳቤውም ሳይደርስ የቀረበት ጊዜ የለም።

ፖለቲካ የሚባለውን ነገር በቤተ ሰብ መጽሔት ማንሣት የማይገባ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በየትኛው ቤተ ሰብ ነው ቡና ተፈልቶ ፖለቲካ ሳይነሣ ሲኒ የታጠበው? እኛ የምናነሣው በዕድሜ በኩል ያለውን ብቻ ነው።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ እኛ የ18 ዓመት ልጅ ነበርን። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ 82 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዘመን «አሮጌ» የሚለው ቃል ስድብ ነበር። አሮጌው ሥርዓት፥ አሮጌው አስተሳሰብ፥ አሮጌው ልማድ ይባላል፤ «አዲስ» የተባለው ሁሉ ደግሞ ያለ ፍተሻ ያልፋል። አገሪቱ የታመመችው ከእርጅና የተነሣ ነው፥ መድኃኒቱም ወጣትነት ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በሰፊው ተሰጥቷል። በ1983 ዓ.ም. የመሪነቱን ቦታ የያዙት አቶ መለስ ዜናዊ 36 ዓመታቸው ነበር፤ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ደግሞ 41 ዓመታቸው ነበር። በሽታው ከእርጅና ብቻ የመጣ እንዳልነበረ እንግዲህ ሁላችንም አይተነዋል።

ዛሬ ወጣቶች ስለ እኛ ሲናገሩ «ያ ትውልድ» ይላሉ፤ የድምፃቸው ቃና «አሮጌው ሥርዓት» ይባልበት የነበረው ቃና ነው፤ ስንሰማው ወዲያው እናውቀዋለን። አንቀየማቸውም። «መሬት ላራሹ» እያሉ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፍ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነበት ዐዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም ይላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ጡረተኞች ጓደኞቻችን በየጧቱ ካፌ ተቀምጠው መሬት ይሸጥ አይሸጥ እያሉ ይከራከራሉ፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ክርክር አንድ ቀን እንኳ አልታከተውም። ባለፈው ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ሲል አስተናጋጇ ልጅ መጥታ «አባቶቼ፥ እኔ የምኖረው በአንድ ክፍል ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ነው፤ የመሬቱ ጕዳይ ሲያልቅ ንገሩኝ። ለአሁኑ ግን የሁለቱን ማኪያቶ የሚከፍለው ማን ነው?» አለቻቸው። በዚህ ጥያቄ ላይ አንድም ተከራካሪ አልተገኘም።

በዚህ ጨዋታ ላይ የማይቀመጡ አሉ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከመሄዳችን በፊት በትምህርት ቤታችን ደጅ የተነሣነው አንድ ፎቶግራፍ አለን። በሦስት ረድፍ የቆምን 31 ልጆች ነን፤ ጠጕራችን ጎፈሬ፥ ሱሪያችን ከታች እንደ ደወል የሰፋ። ከእነዚህ መካከል ዘጠኙ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ተገደሉ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከእኛ በስተቀኝ ቆሞ የሚስቀው ልጅ የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ የተወለድነው በአንድ ክረምት፥ የተጠመቅነውም በአንድ ደብር ነው። እናቱ በዚያን ጊዜ እንደ ሌሎቹ እናቶች ሁሉ ለቅሶ ተከልክለው፥ ድንኳን ሳይተከል፥ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ እኒህ ሴት በየዓመቱ በገና ዋዜማ ወደ ቤታችን ብቅ ሲሉ ከሰላምታ በኋላ የሚጠይቁን አንድ ነገር ነበር፤ «ስንት ዓመት ሞላህ?» እኛም እንነግራቸዋለን። እርሳቸውም «እርሱም 30 ሞላው»፥ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ «እርሱም 40 ሞላው» ይሉ ነበር። አንዳንድ ዓመት «አሁን ጠጕሩ እንደ አባቱ ይሸሽ ነበር» ይላሉ፤ አንዳንድ ዓመትም «ሁለተኛው ልጁን ይድር ነበር» ይላሉ። ስለዚህ ልጃቸው በእርሳቸው ዘንድ ማርጀቱን አላቋረጠም፤ በፎቶግራፉ ላይ 19 ዓመቱን ይዞ ሲቀር፥ በእናቱ ሒሳብ ግን ከእኛ ጋር እኩል ይሄድ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት እንውሰድዎ ብንላቸው «እዚያ ያለው ልጅ ነው፤ የእኔ አሁን ትልቅ ሰው ነው» ብለው እንቢ አሉ።

በ2008 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞልቶን ጡረታ ስንወጣ እንደ ልማዳቸው መጡ። የጡረታ መታወቂያችንን እንድናሳያቸው ጠየቁን። ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ቢሆንም በሁለት እጃቸው ይዘው ገልብጠው ገልብጠው ካዩት በኋላ «ጥሩ ነው፤ ማኅተሙም ደማቅ ነው፤ የእርሱም እንደዚህ ይሆን ነበር» ብለው መለሱልን። በሚቀጥለው ዓመት በጾመ ፍልሰታ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ የታክሲው ረዳት «ፋዘር» ሲለን አናኰርፍም።

ስለ ዕለት ደስታ እንጻፍ ብለን ተነሥተን እዚህ ደረስን፤ አንባቢ ይታገሠን፤ ሽማግሌ ወደ ገበያ ሲላክ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሳይል አይመለስምና።

ሠፈራችን ለልማት ይፈለጋል ተብሎ ሲነሣ፥ 40 ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግተን የኖርን ጎረቤቶች በከተማዋ አራት ማዕዘን ተበተንን። ለእኛ በዕጣ የደረሰን የጋራ መኖሪያ ቤት በ4ኛ ፎቅ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተሠሩት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ቤቶች አሳንሰር የላቸውም። ደረጃው 72 ነው፤ ቈጥረነዋል፤ ሲወጡትና ሲወርዱት ቍጥሩ አንድ መሆኑን ግን ጕልበታችን እስከ ዛሬ አላመነም። ዕጣ ዐይን የለውም እንጂ፥ ለ25 ዓመት ጐረምሳ ምድር ቤቱን ሰጥቶ ለእኛ ሰማዩን አይሰጠንም ነበር። ጐረምሳው ደግ ልጅ ነው፤ ቤታችንን እንለዋወጥ ብንለው ግን «አባባ፥ ከላይ ያለው አየር ለጤና ይስማማል» አለን።

አዲሱ ቤት ውሃው በቧንቧ ነው፤ መጸዳጃው በቤት ውስጥ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጣራው አያፈስም። ይህን አለማመስገን ግፍ ነው፤ በአሮጌው ሠፈር ለአንድ መጸዳጃ ስምንት ቤት እንሰለፍ ነበር። የጐደለው ሌላ ነው። በአሮጌው ሠፈር ቡና ሲቈላ ጭሱ ራሱ ጠሪ ነበር፤ ማንም ሳይጠራ ሰው ሁሉ ይመጣ ነበር። እዚህ የብረት በር አለ፤ ጭሱ የብረት በር አያልፍም። ባለቤታችን (እዚህ ላይ «እኛ» ማለቱ ጥቂት ችግር እንደሚያመጣ ይገባናል) በመጀመሪያው ወር ጀበናውን ጥዳ፥ ስምንት ሲኒ ደርድራ፥ ሁለቱን ብቻ እየቀዳች ስድስቱን ደረቁን ታጥብ ነበር። ስለምን ስድስቱን እንደምታጥብ ብንጠይቃት «አቧራ ይነካቸዋል» አለች።

ዕድራችን ግን አልፈረሰም። ቤቱ ሲፈርስ ዕድሩ ይፍረስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ዳኛው «ድንኳኑንና ድስቱን ለማን እናካፍላለን?» ቢሉ መልስ የሚሰጥ ጠፍቶ ጸና። አሁን በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ አባላቱ ከየአቅጣጫው፥ አንዳንዱ ሁለት ታክሲ አንዳንዱ ሦስት ታክሲ ይዞ ይመጣል። ድሮ በአጠገብ ስንኖር ግማሹ ሰው ይቀርና መቀጮ ይከፍል ነበር፤ ገንዘብ ያዡም በመቀጮው የሸክላ ሳሕን ይገዛ ነበር። ዛሬ የሚቀር ስለ ሌለ የመቀጮው ሣጥን ባዶ ሆነ፤ ገንዘብ ያዡ ይህን እንደ ትልቅ ኪሳራ ለጉባኤው ሪፖርት አቀረበ። የስብሰባው አጀንዳ በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ሰዉ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበተንም። የማን ልጅ አገባ፥ የማን ስኳር ከፍ አለ፥ የማን የልጅ ልጅ በስልክ ውስጥ ሆኖ በረዶ አሳየ፤ ይህ ሁሉ ይወራል። ለመቅበር የተቋቋመ ማኅበር ሕያዋንን ሲያገናኝ መዋሉ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ የለም፤ እስከ አሁንም የተቃወመ አባል አላየንም።

ስለ ስልኩም አንድ ነገር እንበል። የጡረታውን ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ይቻላል ተብሎ የልጅ ልጆቻችን አስተምረውናል፤ ምሥጢር ቍጥርም አውጥተውልናል። ቍጥሩን ለማንም እንዳንነግር አጥብቀው ስላስጠነቀቁን ለራሳችንም አልነገርነውም፤ ስለዚህ በየወሩ እነርሱን መጥራት ግድ ሆነ። ልጆቹ ይህን መርሳት ይሉታል። እኛ ግን በዚህ ምክንያት በወር አንድ ጊዜ ሦስቱም በአንድነት ቤታችን መጥተው ምሳ ይበላሉ፤ እንግዲህ ማን ማንን እንዳስተማረ ለአንባቢ እንተዋለን።

ከትናንሽ ደስታዎች ሁሉ የበለጠው በቅርቡ ያገኘነው ነው። በአሮጌው ሠፈር ግድግዳ የምንጋራቸው ወይዘሮ፥ 78 ዓመታቸው ነው፥ በዕጣ ለውጥ ወደ እኛው ግቢ መጡ፤ የደረሳቸው ምድር ቤት ነው። አሁን በየሁለት ቀኑ ቡና አንድ ቀን በእርሳቸው፥ አንድ ቀን በእኛ ቤት ይፈላል። ወደ እኛ ሲመጡ አንደኛው ፎቅ ላይ ቆመው ስለ ሽንኵርት ዋጋ ይናገራሉ፤ ሁለተኛው ላይ ቆመው ቤቱን የሠራውን መሐንዲስ ይወቅሳሉ፤ ሦስተኛው ላይ ምንም አይናገሩም፤ ይተነፍሳሉ። በየፎቁ ሲቆሙ ሰላም የሚሏቸው ሰዎችም ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ ባለፈው ሳምንት ከሦስተኛው ፎቅ አንዲት ወጣት ሕፃን ታቅፋ እጃቸውን ይዛ እስከ በራችን አደረሰቻቸውና እርስዋም ገብታ ቶናውን ጠጣች። ምድር ቤት የሚኖረው ጐረምሳም ከሥራ ሲመለስ የበረካው ሰዓት እንደ ሆነ በማሽተት ያውቃል፤ ከላይ ያለው አየር ለጤና እንደሚስማማ አሁን ራሱ እየመጣ ይመሰክራል።

ዛሬ ተራው የእኛ ነው። ባለቤታችን ስድስት ሲኒ ደርድራለች። ከደረጃው በኩል ስለ ሽንኵርት የሚነገር ድምፅ መሰማት ጀምሯል፤ ሁለት ፎቅ ቀርቷቸዋልና ጀበናውን ለመጣድ በቂ ጊዜ አለ።